የልጅ ገንዘብ የልጅ ይሁን፦ ለወሎ ወላጆች የኪስ ገንዘብና የቁጠባ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ ባደግሁበት ሰፈር የእንቁጣጣሽ ዕለት ገና በጠዋቱ ልጆች ቀለም ቀብተው ያዘጋጁትን የአበባ ሥዕል ይዘው ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር። ማታ ሁሉም ኪሱን አራግፎ ሲቆጥር እናት ቀረብ ብላ «አምጣ፣ ላስቀምጥልህ» ትላለች፤ ገንዘቡም ከዚያ በኋላ አይታይም። ለዘይት ወይም ለቅሬ (ለዕድር) መዋጮ ይውላል፤ ያደረገችው ለቤቱ ብላ ስለሆነም ማንም አይወቅሳትም። ልጁ ግን በዚያች ምሽት አንድ ነገር ተምሯል፤ ይኸውም የተቀመጠ ገንዘብ እንደሚጠፋ፣ የተበላ ገንዘብ ግን ማንም እንደማይወስደው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ ከቤት ከመድረሱ በፊት ያገኘውን ሁሉ በከረሜላና በብስኩት ይጨርሳል።

በመምህርነትም በወላጅነትም ከልጆች ጋር በቆየሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ልጅን ገንዘብ መያዝ የሚያስተምረው ምክር ሳይሆን ገንዘቡ በእውነት የእርሱ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን የኪስ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት የሰጡትን መልሰው ላለመውሰድ ለራስዎ ቃል ይግቡ።

ከመስጠት በፊት፦ ገንዘብን ማስተዋወቅ

ዕድሜው አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነ ልጅ የኪስ ገንዘብ ገና አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ገንዘብን አይቶና ዳስሶ ማወቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ብዛትን ከዋጋ አይለይም፤ አምስት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ከአንዲት የአሥር ብር ኖት ይበልጣሉ ብሎ ያምናል። ስለዚህ ሰፌድ ላይ ሳንቲሞቹንና የ5፣ የ10 እና የ50 ብር ኖቶችን ዘርግተው የመመንዘር ጨዋታ ይጫወቱ። አምስት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ሰጥቶ አንድ የአምስት ብር ኖት ይቀበል፤ ሁለት የአምስት ብር ኖቶችን ሰጥቶ አንድ አሥር ብር ይውሰድ። ይህ ጨዋታ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለአንድ ወር ያህል ቢደጋገም ብዙው ልጅ ዋጋ ማለት የወረቀቱ ብዛት አለመሆኑን ይረዳል።

ልጁ «ገንዘብ ለምን ወረቀት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ይመጣል፤ የወሎ ወላጅ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ከማንም የተሻለ መልስ አለው። በሰኞ ቀን ባቲ ገበያ ልጅዎን ይዘው ከወረዱ፣ ከአፋር ቆላ የሚመጣው የጨው ጡብ፣ አሞሌ የተባለው፣ በአገራችን ለብዙ ዘመናት እንደ ገንዘብ ይሠራበት እንደነበረ ይንገሩት። ጨው ዝናብ ከነካው ይሟሟል፤ ሲጓዝም ይሸረፋል፤ ገንዘብ የሚበላሽ ነገር ሲሆን ምን ዓይነት ችግር እንደሚመጣ ልጁ ራሱ ያስብ። በአያቱ አንገት ላይ የማርትሬዛ ብር ካለም በላዩ የተቀረጸውን 1780 የሚለውን የፈረንጆች ዓመት አሳይተው፣ ይህ ጌጥ ከመሆኑ በፊት በሬና በቅሎ ይገዛ የነበረ ብር መሆኑን ያስረዱት። ይህን የሰማ ልጅ ገንዘብ ሰዎች ተስማምተው የሚቀባበሉት ነገር መሆኑን መቼም አይረሳም።

የዛሬ ልጆች አንድ ተጨማሪ ችግር አለባቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወላጅ ለባለሱቁ የሚከፍለው በስልክ ነው፤ ልጁም ዕቃው ያለ ገንዘብ የመጣ ይመስለዋል። በስልክ ሲከፍሉ ከመክፈልዎ በፊትና በኋላ ያለውን ቀሪ ሒሳብ ለልጁ ያሳዩት። «ስድስት መቶ ነበረን፣ አሁን አምስት መቶ ሃያ ሆነ» ማለት በቂ ነው።

መጠኑና ቀኑ

ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ ማለትም ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ የኪስ ገንዘብ መስጠት ይጀምሩ። በዚህ ዕድሜ ወር ረጅም ስለሆነ አከፋፈሉ በየሳምንቱ ይሁን፤ ቀኑም የተወሰነ ይሁን። ከሁሉም የሚመረጠው ቀን ቤተሰቡ ገበያ የሚወጣበት ነው፤ ምክንያቱም ልጁ ገንዘቡን በሚቀበልበት ቀን አዋቂዎችም ምን ይገዛ፣ ምን ይቅር ብለው ሲመክሩ ይሰማል።

መጠኑን ለመወሰን ከሰፈርዎ ሱቅ ይነሱ። ልጁ በሳምንት ሁለት ትንንሽ ነገሮች፣ ለምሳሌ አንድ ቦምቦሊኖና አንድ ጥቅል ማስቲካ ገዝቶ የሚተርፈው ያህል ይሁን። ከዚያ ከበለጠ ምርጫ የለም፤ ሁሉንም ይገዛልና። ከዚያ ካነሰም ምርጫ የለም፤ ምንም አይገዛምና። የጎረቤት ልጅ ስንት እንደሚቀበል አይጠይቁ። ቤት ውስጥ እጥረት ካለ መጠኑን ቀንሰው ምክንያቱን ለልጁ ይንገሩት እንጂ ቀኑን አያሳልፉ፤ የዘገየ ክፍያ ልጁን በቀጠሮ ላይ እምነት እንዳይኖረው ያደርጋል። ደመወዝ በሌለበት የገጠር ቤት ይህን በሌላ መንገድ ማድረግ ይቻላል፤ እርሱን ስለ ዶሮ ስናነሣ እንመለስበታለን።

ሦስት ማስቀመጫ

ሦስት ማስቀመጫዎች ያዘጋጁ። አንደኛው ለወጪ፣ ሁለተኛው ለቁጠባ፣ ሦስተኛው ለሰደቃ ወይም ለምጽዋት ነው። የቁጠባው ማስቀመጫ ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ አፉ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሚያምር የሸክላ ዕቃ ይሻላል፤ ልጁ ገንዘቡ ከፍ ሲል በዓይኑ ማየት አለበትና። እስኪሞላ የማይከፈት፣ ለማውጣት መሰበር ያለበት ዕቃ ለትንሽ ልጅ አይመከርም፤ ቁጠባን እንደ እስር ያስቆጥረዋል።

ገንዘቡን ሲሰጡ ዘርዝረው ይስጡ። ሳምንታዊው ገንዘብ 20 ብር ከሆነ በ5 ብር ኖትና በሳንቲም ይሁን፤ ድፍን የተሰጠ ገንዘብ ድፍኑን ይወጣል። አከፋፈሉን በተመለከተ እኔ የምመክረው ከ20 ብሩ 12ቱ ለወጪ፣ 6ቱ ለቁጠባ፣ 2ቱ ለሰደቃ እንዲሆን ነው። አንድ አሥረኛው ለሌላ ሰው መሆኑ አሥራት ለሚያወጣውም ቤተሰብ ሰደቃ ለሚያዘወትረውም ይስማማል፤ በወሎ ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ዘመዳሞች ናቸውና። ልጁ ይህን ገንዘብ ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ይምረጥ፤ እጁን ዘርግቶ ራሱ ይስጥ፤ ምርቃቱንም ራሱ ይቀበል።

ቁጠባው የሚታይ ዓላማ ይኑረው። ሰባት ዓመት የሆነውን ልጅ «ለወደፊትህ ቆጥብ» ማለት ትርጉም የለውም። የሚፈልገው የባለ ቀለም እርሳስ ፓኬት ዋጋው 80 ብር ነው እንበል። በሳምንት 6 ብር ብቻ የሚቆጥብ ከሆነ 14 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ይህ ለዚህ ዕድሜ በጣም ሩቅ ነው። ስለዚህ በቆጠበው ልክ እርስዎም ይጨምሩለት፤ በየሳምንቱ 12 ብር ስለሚገባ በሰባት ሳምንት 84 ብር ይሆንና እርሳሱ ተገዝቶ አራት ብር ይተርፋል። የእርሳሱን ሥዕል ጠርሙሱ ላይ ይለጥፍ፤ ሰባት ሣጥኖች ሥሎ በየሳምንቱ አንዱን ያጥቁር። ለሁለተኛው ዓላማ የእርስዎን ድርሻ በግማሽ ይቀንሱ፤ ለሦስተኛው ያቁሙት።

ሱቅ ላይ

ልጁ ራሱ ይጠይቅ፣ ራሱ ይክፈል፣ መልሱንም ራሱ ቆጥሮ ይቀበል። እርስዎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ። ስምንት ዓመት ሲሞላው ዋጋ መከራከርን ገበያ ላይ ይማር፤ በመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ምንም ሳይገዛ መመለስን ይለማመድ። ይህ ለብዙ አዋቂ እንኳ የሚከብድ ነገር ስለሆነ በልጅነት መጀመሩ ተገቢ ነው። ዱቤን ግን ከመነሻው ይከልክሉ፤ ለባለሱቁም ልጅዎ በስምዎ በዱቤ ምንም እንዳይወስድ በግልጽ ይንገሩት።

ልጁ መሳሳቱ አይቀርም፤ ለእርስዎ ከሁሉም ከባዱ እርምጃ ይህ ነው። ልጄ የመጀመሪያዋን የሦስት ሳምንት ቁጠባ አውጥታ የገዛችው ባትሪ የሚበላ መጫወቻ በማግስቱ ተሰበረ፤ እያለቀሰች መጣች። እጄ ወደ ቦርሳዬ ሊሄድ ነበር፤ ያዝሁት። አቅፌ «አብሽሪ» አልኋት፤ ከዚያም ገንዘቡ የእርሷ እንደነበረ፣ ምርጫውም የእርሷ እንደነበረ፣ ቅዳሜ ደግሞ አዲስ ገንዘብ እንደምትቀበል ነገርኋት። «ነግሬሽ አልነበር?» የሚለውን ቃል አልተናገርሁም፤ እርስዎም አይናገሩት። ከዚያ በኋላ ዕቃ ከመግዛቷ በፊት እያገላበጠች፣ ባለሱቁን «ከተሰበረ ይመለሳል?» እያለች የምትጠይቅ ልጅ ሆናለች። ያንን መጫወቻ እኔ ተክቼላት ቢሆን ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቅም ነበር።

ለየትኛው ሥራ ይከፈላል?

አልጋውን ስላነጠፈ፣ ሰሐን ስላጠበ፣ ለጎረቤት እናት ውኃ ስላመጣ ለልጅ አይክፈሉ። በወሎ ልጅ ታላላቆቹን ታዝዞ የሚቀበለው ምርቃት ነው፤ ይህ ደግሞ በብር የሚተካ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ለመላላክ ዋጋ የተከፈለው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ «ስንት ትሰጡኛላችሁ?» ማለቱ አይቀርም፤ የጎረቤቷ እናትም ዳግመኛ ለመላክ ታፍራለች። ክፍያ የሚገባው አዋቂ ሰው ተቀጥሮ ቢሠራው ገንዘብ የሚከፈልበት ሥራ፣ ለምሳሌ ማገዶ መደርደር ወይም ለሽያጭ የሚቀርብ እህል መልቀም ነው፤ እርሱም አስቀድሞ ዋጋው ተነግሮ ይሁን።

የበዓል ገንዘብ

ልጅ በዓመት ውስጥ ትልቁን ገንዘብ የሚያገኘው በበዓላት ነው። ወንዶቹ በነሐሴ 13 በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ ከሙልሙል ጋር ገንዘብ ያገኛሉ፤ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶቹ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲጫወቱ ይሸለማሉ፤ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ ይከተላል፤ በዒድ ደግሞ ዘመድ ሲጠየቅ አጎትና አክስት ለልጆች ይሰጣሉ። ስለዚህ በመግቢያዬ ያነሣሁት የ«ላስቀምጥልህ» ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በነዚህ ቀናት ነው።

እርምጃው እንዲህ ይሁን። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ቡና ተፈልቶ በረካው ላይ ሲደረስ፣ ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው የሚመጣው ገንዘብ እንዴት እንደሚከፋፈል አብራችሁ ወስኑ። የበዓል ገንዘብ ከሳምንታዊው ስለሚበልጥ ግማሹ ለቁጠባ ቢሆን ተገቢ ነው፤ የቀረው ግን በዚያው ዕለት እንደ ልቡ የሚያወጣው ይሁን፤ የበዓል ደስታ ተቆጥቦ አይቀመጥምና። አንድ ደብተር አዘጋጁ፤ ቀኑ፣ የሰጪው ስምና መጠኑ ይጻፍ። ልጁ መጻፍ የሚችል ከሆነ ራሱ ይጻፍ፤ ካልቻለ እርስዎ ጽፈው እርሱ ክብ ያድርግበት። በቡድን የጨፈሩ ከሆነ ገንዘቡን እንዴት እንደተካፈሉ ይጠይቁት፤ ከበሮ የያዘው፣ ዘፈኑን ያወጣው፣ የተቀበለው ሁሉ ምን እንደደረሰው ሲያስረዳ ፍትሕን ምን ያህል እንደተገነዘበ ይረዳሉ።

ቤት ውስጥ በእውነት ቸግሮ የልጁን ገንዘብ መንካት ግድ ከሆነስ? ይህ በብዙ ቤት የሚደርስ ስለሆነ የለም ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። መጠየቅ ነው። «ልጄ፣ ለዘይት መቶ ብር አጥሮኛል፤ ከአንተ ልበደርና በወሩ መጨረሻ ልመልስልህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ደብተሩ ላይ ጽፈው ይፈርሙ፤ በቀኑም ይመልሱ። ቀኑ ደርሶ ካልቻሉ እርሱ ሳይጠይቅዎ እርስዎ ቀድመው ይንገሩት። ልጁ በዚህ ብድር ከሚያገኘው ትምህርት የሚተካከል የለም፤ ትልቅ ሰው ሲበደር እንዴት እንደሚናገርና ሲመልስ እንዴት እንደሚያከብር ያየዋልና። እምቢ ቢልዎ ደግሞ መብቱ ነው፤ አያኩርፉ።

የልጆች ዕቁብ

ልጁ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ከወንድሞቹና ከአጎቱ ልጆች ጋር ትንሽ ዕቁብ ይጀምር። አራት ልጆች ይበቃሉ። እያንዳንዱ በየሳምንቱ 5 ብር ያዋጣል፤ በየሳምንቱ 20 ብር ለባለ ዕጣው ይደርሳል፤ ዙሩም በአራት ሳምንት ያልቃል። ከልጆቹ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ጸሐፊ ይሁን፤ በሚቀጥለው ዙር ሹመቱን ይለዋወጡ። ስሞቹ በትንንሽ ወረቀት ተጽፈው ይጠቅለሉና ከሁሉ ታናሹ ያውጣ። ዕጣ የደረሰው ስሙ ከቀሪዎቹ ይወጣል።

በዚህ ዕቁብ ውስጥ ሊሰወር የማይገባው ነገር አለ፤ ዙሩ ሲያልቅ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። መጀመሪያ የደረሰው ልጅ 5 ብር ብቻ ከፍሎ 20 ወስዷል፤ ስለዚህ የቀረው 15 ብር ለጓደኞቹ ያለበት ዕዳ ነው። መጨረሻ የደረሰው 20 ከፍሎ 20 ወስዷል፤ እርሱ የቆጠበው የራሱን ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ገንዘብ ቢወስዱም አንዱ ተበዳሪ፣ ሌላው አበዳሪ ነበሩ። ይህን የተረዳ ልጅ ዕጣው ከደረሰ በኋላ መክፈል ለምን ከሁሉ የከበደ ግዴታ እንደሆነ ያውቃል። ከቤተሰብ ውጭ ካሉ ልጆች ጋር ግን ከ12 ዓመት በፊት ባይሆን ይሻላል፤ በዙሩ መካከል አንዱ ቢያቆም ጠቡ ወደ ወላጆች ይሻገራል። በቤተሰብ ውስጥም ቢሆን እርስዎ ዋስ ይሁኑ፤ የጎደለውን ከፍለው ከልጁ ቀጣይ የኪስ ገንዘብ ይቀንሱ።

ባንክ

በቤት የተቀመጠው ገንዘብ አምስት መቶ ብር አካባቢ ሲደርስ ወደ ባንክ ይውሰዱት። ምክንያቱን ከአገራችን የቅርብ ታሪክ መንገር ይቻላል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው አዲስ የ200 ብር ኖት ሲወጣ፣ ለቅያሬ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተደበቀ አሮጌ ብር ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ የእጁን ብቻ ይዞ ወጥቷል፤ ባንክ የነበረው ገንዘብ ግን በሄደበት ጠብቆታል።

18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በወላጁ ወይም በአሳዳጊው በኩል ነው፤ ስለዚህ መታወቂያዎን፣ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ይዘው ይሂዱ፤ ቀሪውን ባንኩ ይነግርዎታል። ልጁ አብሮዎት ይሂድ፤ ገንዘቡን በመስኮቱ እርሱ ያቀብል። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚህ መጠን ቢሰላ 500 ብር በዓመት 35 ብር ይወልዳል። ወለድ ለማይወስዱ ቤተሰቦች ከወለድ ነፃ የሆነው አገልግሎት አለላቸው። ለልጁ ግን እውነቱን አይደብቁ፤ የዕቃ ዋጋ ከወለዱ ፈጥኖ የሚጨምርበት ጊዜ ብዙ ነው። ባንክ የሚጠቅመው ከመጥፋት ለመጠበቅ እንጂ በፍጥነት ለማደግ አይደለም።

ዶሮ

በገጠርና በከተማ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ ከብር የተሻለው መማሪያ ዶሮ ነው። ለልጁ እንቁላል ለመጣል የደረሰች አንዲት ቄብ ዶሮ ይስጡት፤ እንቁላሉን የመሸጥ፣ የመብላት ወይም የማስታቀፍ ውሳኔ የእርሱ ይሁን። አሥር እንቁላል ቢሸጥ ዛሬ ገንዘብ ያገኛል፤ ቢያስታቅፍ 21 ቀን ይጠብቃል፤ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶችም ጭልፊት የሚወስዳቸው ይኖራሉ። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ከገባም ሁሉም በአንድ ሳምንት ሊያልቁ ይችላሉ። ስለዚህ የፈንግል ክትባት በወረዳው የእንስሳት ጤና ጣቢያ መቼ እንደሚሰጥ ልጁ ራሱ ሄዶ ይጠይቅ፤ ወጪውንም ከእንቁላሉ ሽያጭ ይሸፍን። ዶሮዎቹ በዝተው በግ የሚገዙበት ቀን ከመጣ በጉ በልጁ ስም ይጠራ፤ እንግዳ መጥቶ መታረዱ ግድ ከሆነም ልጁ ይጠየቅ፣ ዋጋውም ይተካለት። በልጅ ስም የተጠራን በግ ሳይጠይቁ ማረድ ከ«ላስቀምጥልህ» የባሰ ነው፤ ልጁ በጉን ያሳደገው በእጁ ነውና።

ከአሥር ዓመት በኋላ

አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነው ክፍያውን ወደ ወር ያሳድጉት። መጀመሪያ ላይ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሱ የተለመደ ነው፤ አይጨምሩለት፤ በሚቀጥለው ወር በአራት ፖስታ ከፋፍሎ እንዲያስቀምጥ ብቻ ያሳዩት።

ከዚያም በነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት፣ ለደብተር፣ ለእስክሪብቶና ለቦርሳ ሊያወጡ ያሰቡትን ገንዘብ በሙሉ ለእርሱ ይስጡት። የሚያስፈልገውን ዝርዝር አብራችሁ ጻፉ፤ የደብተሩ ቁጥር እንዳይጎድል ብቻ ያስምሩበት። የአምናው ቦርሳ ተሰፍቶ ያገለግል እንደሆነ፣ ደብተር በደርዘን ሲገዛ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ከታናሽ እኅቱ ጋር ተጋርቶ መግዛት ያዋጣ እንደሆነ እርሱ ያስላ። ገበያ ሲወጣ እርስዎ ዘንቢሉን ይያዙለት። ዝርዝሩ ከተሟላ በኋላ የተረፈው ብር ወደ እርስዎ አይመለስም፤ ወደ ጠርሙሱ ይገባል።